ታምሬ የሞተበት ዓመት

የወንድምን አጥንት ለማስለቀቅ ደጅ መጥናት ምን ይባላል? ጉድ እኮ ነው! ማሬ ግን ጠናች። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ሰሊጥ ስታበጥር ወገቧ የጎበጠ ሴት ናት፤ ሥራዋን ጥላ መክተብ ከሚሉት ከአንዱ ሹም ቢሮ ወደ ሌላው መክተብ ስትንከራተት ክረምቱ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶካ ከተማ አጠገብ ያለው፣ ኮር የሚሉት የክረምት ወንዝ በዝናብ ሞልቶ ዳርቻውን ሲንደው የሰው አጥንት ወጣ። ያገኘው ከመተማ ለእርሻ ሥራ የተሻገረ ባንታምላክ የሚባል የቀን ሠራተኛ ነው። አንገቱ ሥር የማተብ ብጣሽና ጫፏ የተጣመመ የብር ጆሮ ማውጫ ቢያይ፣ "ይሄስ የእኛው ሰው ነው" ብሎ ጆሮ ማውጫዋን ገዳሪፍ ድረስ ይዟት መጣ። አበሾቹን አንድ በአንድ እያሳየ ማሬ ዘንድ ደረሰ። ማሬ ገና ስታያት አወቀቻት። በልጅነቷ ስትጫወትባት ያጣመመቻት ራሷ ናት፤ በኋላ እናቷ ለታናሽ ወንድሟ ለታምሬ ከማተቡ ጋር አሰረችለት።

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከጎንደር ቆላ ወደ ሱዳን ሲሰደዱ ታምሬ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። መንገድ ላይ እግሩ ተሰበረና ከኋላ አህያ ይዘው ከሚመጡ ጎረቤቶች ጋር ቀረ። ጎረቤቶቹ ሲደርሱ ታምሬ የለም። "አፈር አልብሰነው መጣን" አሉ። እናት ደረቷን ደቃች፣ በእርዳታ ዱቄት ተዝካሩን አወጣች፣ በቃ። እሷም ካረፈች ቆየች። ማሬ አሁን የምትለምነው ወንድሟን ከእናቷ ጎን መቅበር ብቻ ነው።

አጥንቱን የተረከበው ሹም በጀ አላለም። "እዚያ ዳርቻ የጥንት ሰዎች መቃብር አለ። አጥንቱ የጥንት ከሆነ የመንግሥት ቅርስ ነው፤ የቅርብ ጊዜ መሆኑን አረጋግጪና ውሰጂ" አላት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! አጥንቱን በካርቶን አድርጎ መክተቡ ውስጥ አስቀመጠው።

የደረሰላት ጎረቤቷ ሰልማን ነው። የጎንደር እስላሞች ልጅ፣ እዚሁ ሱዳን የተወለደ፣ ካርቱም ዩኒቨርሲቲ ስለ ጥንት ነገር ሲያስተምር ጦርነቱ እናቱ ቤት የመለሰው ሰው። ሹሙን አስፈቅዶ አንድ ጥርስና ጥቂት ጠጉር ውጭ አገር ላሉ ወዳጆቹ በመንገደኛ ላከ።

"ጥርስ ደግሞ ምን ይናገራል?" አለችው ማሬ።

"ያ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ አየሩ ውስጥ ጨረር ያለው የካርቦን ዓይነት አለ፣ በጣም ጥቂት። ማሽላው ከአየር ይወስደዋል፣ እኛ ማሽላውን እንበላለን። በሕይወት እስካለን እየተተካ ይኖራል። ስንሞት ኻላስ፣ አበቃ፣ የሚተካው የለም፤ የነበረው እየመነመነ ይሄዳል። ግማሹ ለማለቅ ከአምስት ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። የቀረውን ለክተው የሞተበትን ዘመን ያወጣሉ።"

"ታዲያ የኔ ወንድም ትናንት የሞተ ነው፤ ከሱ ምኑ ይጎድላል?"

"እሱስ አይጎድልም። ግን አባቶቻችን ልጆች ሳሉ ነጮቹ የአቶም ቦምብ ሜዳ ላይ እያፈነዱ ሲሞክሩ ያ ካርቦን በአየሩ ውስጥ እጥፍ ሆነ። ሙከራው ሲቆም ደግሞ በየዓመቱ እየቀነሰ መጣ። ስለዚህ የየዓመቱ ልክ ይታወቃል። ጥርስ ልጅ ሆነን የበላነውን ይዞ ይቀራል፤ ጠጉር ግን የመጨረሻዎቹን ወራት ነው የሚይዘው።"

"ብቻ ጥንት አይደለም ይበሉልኝ!" አለችና ለመድኃኔዓለም ተሳለች።

መልሱ በመጣ ቀን ሰልማን ሰሊጥ ወደሚበጠርበት ሜዳ ሄደ። ማሬ ከሩቅ ስታየው ወንፊቷን ይዛ ተነሣች።

"የቅርብ ነው፣ ያ ኻልቲ። ይሰጡሻል።"

እልል አለች! ሴቶቹም ተቀበሏት። ሰልማን ግን አልሳቀም።

"ጥርሱ ከታምሬ ልጅነት ጋር ልክ ይገጥማል። ጠጉሩ ግን እናንተ ሱዳን ከገባችሁ ከአሥር ዓመት በኋላ የበቀለ ነው፤ እስከዚያ በሕይወት ነበር። አንድ ሁለት ዓመት ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል፤ አሥር ዓመት ግን አይሳሳትም፣ ወላሂ።"

"አፈር አልብሰነዋል ብለውናል እኮ!"

"ጥለውት መጥተው ይሆናል። ማን 'ጣልኩት' ብሎ ለእናት ይናገራል?"

ማሬ ወንፊቷን አስቀመጠች። አሥር ዓመት! ያውም ዶካ፣ በሎሪ ጠዋት ተነሥተው ከምሳ በፊት የሚገቡበት አገር!

ይሄኔ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ምነው ባልመጣባት! ገዳሪፍ በገቡ በሁለት በሦስት ዓመቱ አንድ የሎሪ ረዳት ደጃቸው ቆሞ ነበር። "ከዶካ ወዲያ ለዘላኖች ግመል የሚጠብቅ አንካሳ ልጅ አለ። እናቴ ገዳሪፍ ናትና ፈልግልኝ ብሎኛል" አለ። ያን ጊዜ የሙት ወሬ እየሸጠ የሚበላ አታላይ ሞልቶ ነበር። እናቷ፣ "የልጄን ተዝካር አውጥቻለሁ! ሙት ቀስቃሽ! ሂድልኝ!" ብላ ጮኸችበት። ካህን የፈታውን፣ ድሃ የበላለትን ሰው ማን ይፈልጋል? ማሬም ከእናቷ ኋላ ሆና "ሂድ!" አለችው። የልጁን ስም እንኳ አልጠየቁም።

አጥንቱን ሰጧት። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከእናቷ መቃብር አጠገብ ጉድጓድ ተቆፈረ። አባ ገብረስላሴ መጽሐፋቸውን ከመግለጣቸው በፊት ጠየቋት፤ ለልጅና ለጎልማሳ የሚደገመው ይለያያልና።

"በአሥራ ሁለት ዓመቱ ነው ያልሽኝ?"

"የለም አባ፤ ጎልማሳ ነበር።"

ጸሎቱ አልቆ ሴቶቹ ለልቅሶ ቆሙ። ሙሾ አውራጇ ብፅአት ወደ ማሬ ጠጋ አለችና፣ "ምን ብዬ ላልቅስለት? ምን ዓይነት ሰው ነበር? ሚስት ነበረችው? ልጅስ?" ብላ በጆሮዋ ጠየቀቻት።

ማሬ ለአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ አርባ ዓመት ሙሉ ስታለቅስ የምትለው አጥታ አታውቅም። ለዚህ ሰው ግን አንድ ቃል አጣች።

"አላውቀውም፣ ብፅአት" አለች። "የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው ልኮልን ነበር፤ አባረርነው።"