አንደበት ያጣው የዜማ መጽሐፍ

ልባዊና አስተዋይ አንባቢ ሆይ፤ ሰው የተባለ ፍጡር ራሱ ኃላፊና ጠፊ መሆኑን እያወቀ፣ የእጁን ሥራ ከሞት ሊያስመልጥ ሲባዝን ይኖራል፤ ከሠሪዎችም ሁሉ ይልቅ የዜማ ደራሲ ያሳዝናል፤ ሐናጺው ደንጊያውን፣ ሠዓሊው ሥዕሉን ለትውልድ ሲያወርስ፣ የእርሱ ሀብት እስትንፋስ ነውና ከአፍ ወጥቶ ወደ ጆሮ ካልገባ ማደሪያ የለውም። የደብረ ፍኖቱ መሪጌታ አጽቀ ሥላሴ ይህን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ ማወቃቸው ግን አልጠቀማቸውም።

መሪጌታ ድምፀ መረዋ፣ ልበ ብሩህ፣ ግርማቸው የሚያስፈራ ሊቅ ነበሩ፤ ትሕትና ስትታደል ብቻ ዘግይተው የደረሱ ይመስላል። በጎልማሳነታቸው እናታቸው ባረፉ ጊዜ አርባ ቀን በሱባኤ ተዘግተው፣ ከጥንት ሊቃውንት ስልት ያልተቀዳ፣ ጆሮ ከዚያ በፊት ያልሰማው አንድ የሐዘን ዜማ ደረሱ፤ ስሙንም «ሥር» አሉት። ከዚያ ወዲያ ለየበዓላቱ የደረሷቸው ሠላሳ ሦስት ዜማዎች ሁሉ ከዚህ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ እነዚህንም ከነምልክታቸው በአንድ መጽሐፍ ጻፏቸው። የዜማ ምልክት ማለት፣ አንባቢ ሆይ፣ ከቃሉ ራስ ላይ በደቂቅ ጽሕፈት የምትቀመጥ አንዲት ወይም ሁለት ፊደል ናት፤ እርሷም «ይህን ቃል አስቀድመህ በምታውቀው በዚያ ዜማ ልክ አዚም» ብላ ትጠቁማለች እንጂ ድምፁን ራሷ አትናገርም። የመሪጌታ ምልክቶች ሁሉ ወደ ሥር ይጠቁሙ ነበር፤ ሥር ራሱ ግን አዲስ ነውና የሚጠቆምበት ሌላ ዜማ አልነበረውም። ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ከመተላለፍ በቀር መንገድ አልተገኘለትም።

ይህንንም ሥር፣ ሌላ ደብር እንዳይወስድባቸው ሲሳሱለት፣ ላእከ ማርያም ለተባለ ለአንድ ደቀ መዝሙር ብቻ፣ «እኔ በሕይወት ሳለሁ በሰው ፊት እንዳታዜመው» ብለው በመስቀል አስምለው አስተማሩት። የቀሩት ካህናት በበዓል ቀን መመለሻውን ብቻ እየተቀበሉ ይከተሏቸው ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን የላእከ ማርያም እናት ዐረፉ፤ እርሱም አፈር ሲመለስ ከመቃብሩ አፋፍ ቆሞ፣ መሐላውን ረስቶ ይሁን ደፍሮ እግዜር ይወቀው፣ ሥርን ከመጀመሪያው እስከ ፍጻሜው አዜመው። ሕዝቡ ተንሰቀሰቀ፤ መሪጌታም የራሳቸው እናት ትዝ ብለዋቸው አለቀሱ፤ ነገር ግን ሰዉ «ይህ ልጅ እንዲህ ያለ ዜማ ከወዴት አመጣው?» እያለ ሲያደንቅ በሰሙ ጊዜ ዕንባቸው ደረቀ። መቋሚያቸውን መሬት ላይ መትተው፣

«ዜማዬን ከአፍህ አውጣ! ከእንግዲህ በአንደበትህም በልቡናህም እንዳይገኝ ገዝቼሃለሁ!» አሉት።

«የኔታ፣ እናቴ እኮ ናት! ከዚህ የሚሻል ምን መግነዝ ነበረኝ?»

መሪጌታ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። በማግስቱ ላእከ ማርያም የሦስት ቀን መንገድ ተጉዞ ከቆላ ገዳም ገባ።

መሪጌታ ሌላ ደቀ መዝሙር ሊያስተምሩ ባሰቡ ቁጥር የዚያ ቀን አድናቆት ትዝ እያላቸው ቂማቸው ይነሣና «ለከርሞ» ይሉ ነበር፤ ከርሞም ከርሞን እየወለደ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነጐደ። ከዚያ በኋላ የጉሮሮ ደዌ መጣና ድምፃቸውን ጠራርጎ ወሰደ፤ ልቡናቸውንና እጃቸውን ግን በደህና አስቀረላቸው። በዓል ደርሶ ካህናቱ መጽሐፉን ቢገልጡት፣ ምልክቱ በየቃሉ ላይ በሥርዓት ተደርድሮ ሳለ አንዱም የሚያዜም ታጣ፤ ባልተዋወቁ የሰርግ እንግዶች አምሳል ፊደሉና ካህናቱ ዝም ብለው ተፋጠጡ። ያን ጊዜ ሽማግሌው ጥፋታቸው ገባቸው። ክፉኛ ኮርተው ነበርና ልፈርድባቸው እሻለሁ፤ በዚያ ዕድሜ አንድ ካህን አስከትለው፣ በበቅሎ ተጭነው ቆላ ሲወርዱ ሳስባቸው ግን አንጀቴ አይችልም።

ላእከ ማርያምን ጢሙ ሸብቶ ከገዳሙ ጓሮ አትክልት ሲኮተኩት አገኙት። እርሱም እንዳያቸው ዶማውን ጥሎ ጉልበታቸውን ሳመ። መሪጌታ በመቋሚያቸው ጫፍ አፈሩ ላይ፣ «ፈትቼሃለሁ። ሥርን አዚምልኝ» ብለው ጻፉ። ላእከ ማርያም አነበበ፣ ተነሣ፣ አፉን ከፈተ። የመጀመሪያው ሐረግ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ሽማግሌውም ዐይናቸውን ጨፍነው ለዚያች ቅጽበት ያህል የእናታቸውን ፊት አዩ። ሁለተኛው ሐረግ ግን ተጣመመና ማንም ተማሪ ወደሚያውቀው ወደ ተራ የጾም ዜማ ገባ። ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስቱንም ጊዜ ከዚያው ላይ ሳተ። ከዚያም ተንበርክኮ፣

«የኔታ፣ ግዝትዎን ጠብቄአለሁ። ዜማው በልቤ በተነሣ ቁጥር ዳዊት እየደገምሁ አባረርሁት፤ ሰባት ዓመት ታገለኝ፣ በስምንተኛው ትቶኝ ሄደ። ምን ላድርግ? ይታዘዝልኛል ብለው አይደል ያዘዙኝ?» አለ።

መሪጌታ መቋሚያቸውን አነሡ። ከዚያም «ሥርን አዚምልኝ» የሚለውን በእግራቸው አበሱና «ፈትቼሃለሁ» የሚለውን ብቻ ትተው በቅሏቸው ላይ ወጡ። መጽሐፉ ዛሬም በደብረ ፍኖት ዕቃ ቤት በሐር ተጠቅልሎ ይኖራል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ይወጣል፤ ካህናቱ አብሯቸው የወረደው ካህን ከቆላ ይዟት የተመለሰውን ያችን አንዲት ሐረግ አዚመው፣ ተሳልመውት ይመልሱታል፤ በቍጣ ለሚያዝዝ መምህር ከታማኝ ደቀ መዝሙር የከፋ ቅጣት የለውምና።