የማዕዘኑ እንጨት

ክልሉ አዲስ ተቋቁሞ አሶሳ ዋና ከተማው ከሆነች ወዲህ ሥራ የፈታ አናጢ አልነበረም። ታረቀኝም በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥቶ የሰፈረ፣ እጁ የተመሰከረለት አናጢ ነበርና በሰማንያ ስምንት የአንድ ቢሮ ጣሪያ ደረሰው። ጣሪያው በአራቱም ጎን የሚያዘቀዝቅ ነው። ከግድግዳው ማዕዘኖች ተነስተው ላይ የሚገናኙ አራት እንጨቶች አሉት።

ታረቀኝ ሥራውን ሲቀበል አንድ ነገር ደበቀ። እንዲህ ያለ ጣሪያ ስድስት ቤት ላይ ሠርቷል፤ የማዕዘኑን እንጨት ግን አንድም ቀን ቆርጦ አያውቅም። እሱን የሚቆርጠው ጓደኛው ጂራታ ነበር። ጂራታ ከወለጋ መጥቶ ባምባሲ ቤት የሠራ፣ የማስመሪያ እርሳሱ ከጆሮው የማይለይ ዝምተኛ ሰው ነበር። በሰማንያ ሁለቱ ጦርነት ጊዜ የታጠቁ ሰዎች ከሥራ ቦታ ወሰዱት፤ ያው እንደወጣ ቀረ።

ታረቀኝ የመጀመሪያውን የማዕዘን እንጨት በየጎኑ መሐል በሚቆሙት እንጨቶች ልክ ቆረጠው። ከረዳቱ ከባቢከር ጋር ቢያወጡት ከአንድ ሜትር በላይ አጠረ። ሁለተኛውን አስረዝሞ ቆረጠ። ይሄኛው ቢደርስም ፊቱ አልገጥም ብሎ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተወ።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ፣ ባቢከር ሊሰግድ እንደሄደ፣ ታረቀኝ የመጋዝ ድምፅ ሰማ። ረጅም ሳብ፣ አጭር ገፋ፤ የጂራታ አቆራረጥ ነው። ወርዶ ቢያይ መጋዙ ምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ነው። በማግስቱም በዚያው ሰዓት ሰማው። ባቢከር አጠገቡ ቆሞ ነበርና ትሰማለህ ወይ ብሎ ጠየቀው።

«ኡስታ፣ ድምፅ የለም» አለ ባቢከር፤ አለቃውን የሚጠራው እንዲህ ነበር። «አንተ ግን ፊትህ ልክ አይደለም።»

ታረቀኝ በነጋታው በጭነት መኪና ባምባሲ ወረደ። የጂራታን ሚስት ሰንበቴን ካያት ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። ስለ ጣሪያው ነግሯት፣ ባሏ የተወው ጽሑፍ እንዳለ ጠየቃት።

«የምን ጽሑፍ? ክሩን እየያዝኩ የማስለካው እኔ አልነበርኩም እንዴ?» አለችው።

ግቢው ውስጥ ችካል መታች። የቤቱ ስፋት ስድስት ሜትር ነው ቢላት በግማሹ፣ ጎኑ ሦስት ሦስት ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ወጠረች። ከዚያ ክሩን ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ አሻገረች። የማዕዘኑ እንጨት የሚሄደው በዚህ ነው፣ አንተ በጎኑ ስለሄድክ ነው ያጠረብህ አለችው። በተሻገረው ክር ጫፍ ላይ የጣሪያውን ከፍታ፣ አንድ ሜትር ተኩሉን፣ በማዕዘን መለኪያው፣ በስኳድራ፣ ቀጥ አድርጋ መሬት ላይ አሰመረች። ከዚያ መስመር ጫፍ እስከ ሌላው ጥግ የወጠረችው ክር የእንጨቱ ርዝመት፣ ታችና ላይ የሚሠራቸው ማዕዘኖች ደግሞ የመቁረጫዎቹ ልክ ሆኑ። የላይኛውን ጫፍ ጂራታ ግራና ቀኙን እንደሚያሾለውም አስታወሰችው። ሲለኩት አራት ሜትር ተኩል ሆነ።

ታረቀኝ የክሩን ጫፍ አልለቀቀም።

«ሰንበቴ፣ የወሰዱት ቀን፣ ይህን ሰው ታውቀዋለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«አላውቀውም አልኩ።»

«ሰምቷል?»

«ሰምቷል። አንድ ጊዜ ዞሮ አየኝና መኪናው ላይ ወጣ።»

ሰንበቴ ክሩን ችካሉ ላይ ጠቅልላ ጨረሰች። ከዚያ መኪናው ወዴት እንደዞረ ጠየቀችው። ወደ ኩርሙክ አላት።

«እኔ ስድስት ዓመት በነቀምቴ በኩል እስር ቤት ለእስር ቤት ስዞር፣ አንተ ይህን ይዘህ ተቀምጠሃል» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ታረቀኝ አሶሳ ተመልሶ አራቱን እንጨቶች በዚያ ልክ ቆረጣቸው፤ አራቱም ገጠሙ። አሠሪዎቹ አመሰገኑት። ቀትር ሲሆን ግን መጋዙ አሁንም ይሰማው ነበርና ቆርቆሮውን ለባቢከር ትቶ ሰንበቴንና ልጇን ቢሊሴን ይዞ በኩርሙክ መንገድ ወጣ። በየመንደሩ እየወረዱ ጠየቁ። በሁለተኛው ቀን ኡምኩልሱም የምትባል የበርታ አሮጊት ከመንገድ ዳር ወዳለ የማንጎ ዛፍ ወሰደቻቸው። በጦርነቱ ጊዜ የማይታወቁ ሦስት ሰዎች ሞተው ተገኝተው ባሏ ነበር የቀበራቸው።

«ስሙ አላወቅንም» አለች። «አንዱ ጆሮው ላይ እርሳስ ነበረ። ወላሂ፣ እንደዚያው ቀበርነው።»

ቢሊሴ ፊቷን ሸፈነች። ሰንበቴ እርሳስ የነበረው የትኛው ጋ እንደተኛ ጠየቀች። አሮጊቷ ሦስቱን የአፈር ቁልሎች ተራ በተራ አየችና ራሷን ነቀነቀች፤ የሚያውቀው ባሏ ነበር፣ እሱም ሞቷል።

ሰንበቴ ነጠላዋን አወለቀች። መጀመሪያ መካከለኛው ላይ አነጠፈችው፤ ቆይታ መልሳ አነሳችው። ከዚያ በጥርሷ ይዛ ሦስት ቦታ ቀደደችውና ሦስቱንም አለበሰች። ታረቀኝ መንገዱ ዳር ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ና አላለችው፤ ሂድም አላለችው።