የአማቴ ሁለተኛ ብርጭቆ

ብሩሽ የምይዝበት ቀኝ እጄ ይቆረጥ፣ ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ እግሩ እውነት ነው። «አንተ እኮ የምትቀባው በግራህ ነው» የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ አትስሟቸው። ሥራዬ ቤት መቀባት ነው። ሰፈር ውስጥ «ሬዲዮ» ይሉኛል፤ ዜና አላጣም፣ ያጣሁ ዕለትም ራሴ እሠራዋለሁ። ትምህርቴን የተውኩት ከስድስተኛ ክፍል በመስኮት ዘልዬ ነው። መስኮቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ታመው እኛ ቤት ከተኙ አራተኛ ቀናቸው ነበር። የቀመሱት ሁሉ አይረጋላቸውም፤ ውኃ እንኳ ይመልሳቸዋል። ሐኪሟ «ፈሳሽ ካልወሰዱ ያሰጋቸዋል» ብላ ለባለቤቴ ነግራታለች። ያን ዕለት ረፋድ ላይ ሶፋው ላይ እንደተጋደሙ፣ ከንፈራቸው ፀሐይ እንደመታው ቀለም ተሰነጣጥቆ፣

«አንተ ልጅ» አሉኝ፤ «ቀዝቀዝ ያለ፣ ኮምጠጥ ያለ ነገር አማረኝ።»

በአራት ቀን ውስጥ «አማረኝ» ሲሉ የመጀመሪያቸው ነው። ባለቤቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ደግሞ በብርቱካን ልጣጭ፣ በሎሚና በናና ሻይ የሚደርስብኝ የለም። ብርቱካኑን ስትልጥ ቢላዋው ነጩን መንካት የለበትም፤ ነጩ ያመርራል። ናናው የሚገባው ውኃው ፈልቶ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው፤ እሳት ላይ ከገባ ድርቆሽ ድርቆሽ ይላል። ሎሚው የሚጨመቀው መጨረሻ ላይ፣ ለብ ሲል።

ሁሉም ነበረኝ፤ ናና ብቻ የለኝም። ናና ያለው ከአጥሩ ማዶ፣ ጡረተኛው ሰዓት ሠሪ ጓሮ ነው። ተንጠራርቼ ሳይ መደቡ መሃል ካርቶን ተተክሏል፦ «መርዝ ተረጭቷል። የሚነካ ወዮለት!»

ሳቄ መጣ። ባለፈው ዓመት በእኚሁ ሰውዬ በር ላይ በቀይ ቀለም «ተናካሽ ውሻ አለ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሻ ኖሯቸው አያውቅም። ፖስታ አዳዩ ሦስት ወር ሙሉ ደብዳቤያቸውን ድንጋይ ላይ እያሰረ ከመንገድ ማዶ ሲወረውርላቸው ከረመ። «ብድራቸውን መመለሳቸው ነው፤ በእኔው ጥበብ!» አልኩና ሁለት እፍኝ ቀጠፍኩ።

አንዴ ብቻ ለቅለቅ አድርጌ በመዳፌ አሸት አሸት አደረግኩትና በራዱ ውስጥ ከተትኩ። ሽታው ሶፋው ድረስ ሄዶ አማቴን ቀና አደረጋቸው። አጥልዬ፣ ስኳርና ሎሚ ጨምሬ፣ በረዶ ጣል አድርጌ ስቀዳው ብርጭቆው አፍ ላይ ነጭ አረፋ ብቅ አለ። «የሎሚው ጉልበት ነው» አልኩ።

ቀስ እያሉ ጨረሱት። እኔና ባለቤቴ ትንፋሻችንን ዋጥን። አንድ ደቂቃ። ሁለት። አልመለሳቸውም!

«ድገመኝ» አሉ።

ሁለተኛውን ቀድቼ ሰጠኋቸውና ልጣጩን ልጥል ወደ ጓሮ ወጣሁ። መቼም የሰው ዓይን አርፎ አይቀመጥ፣ በአጥሩ ላይ ማዶ ተመለከትኩ። መርጫው ግድግዳውን ተደግፎ ይንጠባጠባል። አጠገቡ የራስ ቅል የተሳለበት ጠርሙስ። ከናናው ሥር ደግሞ የሰዓት ሠሪው ድመት አራት እግሯን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ ተጋድማለች። ልጣጭ ወረወርኩባት። ጆሮዋ እንኳ አልተነቃነቀም።

አረፋው ትዝ አለኝ። ሎሚ ከመቼ ወዲህ ነው አረፋ የሚያወጣው?

«አይጠጡት!» እያልኩ ገባሁ። «እማማ፣ ያስቀምጡት! መርዝ ነው!»

ባለቤቴ ሳቋ አመለጣት። «ደሞ ጀመረህ? ባለፈው ወር ቤቱ ተቃጠለ ብለህ ፀጉሬን አረፋ እንደሞላው መንገድ ያስወጣኸኝ አንሶ?»

«የዛሬው እውነት ነው! ናናው መርዝ ተረጭቶበታል፤ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል!»

«አንብበህ ነዋ የቀጠፍከው?»

«አዎ!»

«አየሽ እማዬ? ውሸቱን እንኳ ማሳመር አቃተው።»

በድመቷ ማልኩ፣ በቀኝ እጄ ማልኩ። ሌላ ጊዜ ስዋሽ ፊቴ እንደ ጳጳስ ይረጋል፤ ዛሬ እውነት ስናገር አፌ ተሳሰረ። አማቴ እኔን አዩ፣ ብርጭቆውን አዩ፤ «ይሁና!» ብለው በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት።

እንዴት አጥሩን እንደዘለልኩ አላውቅም። ሱሪዬ ግማሹ እዚያው ቀርቷል። ሰዓት ሠሪው መስኮታቸው ሥር ተቀምጠው፣ ማጉሊያ ዓይናቸው ላይ ሰክተው፣ አንድ የእጅ ሰዓት ሆዱን ከፍተዋል።

«ጋሼ! ናናው ላይ ምንድነው የረጩት?»

ከንፈራቸው መሃል የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ብሎን ይዘዋል። አንድ ጣታቸውን አነሡልኝ፦ ቆይ።

ግድግዳው ሙሉ ሰዓት ነው፤ ሁሉም ይቆጥራል። እያንዳንዱ ቀጭ ባለ ቁጥር አማቴ ሶፋው ላይ ሲገረጡ፣ ባለቤቴ ስትጮህ፣ እኔ በሬሳ ፊት «ቀልድ አልነበረም» እያልኩ ስምል ታየኝ። ሽማግሌው ብሎኗን በወረንጦ ከከንፈራቸው አነሡ፣ ቦታዋ አስገቡ፣ አጠበቁ፣ አንዴ እፍ አሉባት።

«ካርቶኑን አላነበብከውም?»

«አንብቤዋለሁ!»

«ታዲያስ?»

«አላመንኩማ፣ ጋሼ!»

ማጉሊያውን አወረዱ። ፊታቸው ላይ ሳቅ ሊመጣ ሲል ሱሪዬንና እንባዬን አዩና ተዉት። «የልብስ ሳሙና ነው። በውኃ የሟሟ። ለተባዩ።»

«ጠርሙሱስ?»

«ገና አልተከፈተም። ሳሙናው ካልሠራ ነገ እሱን ነው የምረጨው። ካርቶኑ ግን ያው ነው የሚሆነው።»

ይቺ የመጨረሻዋ ንግግር እስከ ዛሬ ታንቀጠቅጠኛለች።

«ድመቷስ ሞታ የለ?»

በመስኮቱ አመለከቱኝ። ድመቷ ተነሥታ ወገቧን እያፍታታች፣ ራሷ ላይ ያረፈውን የብርቱካን ልጣጭ ታራግፋለች።

ቤቴ ስደርስ አማቴ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አንድ እጃቸው ከሶፋው ወርዶ ተንጠልጥሏል፤ ከንፈራቸው ብቻ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ዘገየሁ፣ አበቃ! ሳሙናም ቢሆን ለደከመ ሰው መርዝ ነው! ወለሉ ላይ በጉልበቴ ወደቅኩ።

«እማማ! ሳሙና ነው! ሳሙና ብቻ ነው!»

አንድ ዓይናቸው ተከፈተ። «እኔም አረፋው ምንድነው ስል ነበር» አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና «በል ናናውን አጥበህ እንደገና አፍላው። ሎሚው አይቀነስ።»

አጠብኩት። ሰባት ጊዜ። ቧንቧው ደርቆ ሰፈሩ ሁሉ ሁለት ቀን ውኃ አጣ።

እንግዲህ ከአራተኛው ፎቅ መስኮት ጀምሮ እስከ ቧንቧው ድረስ ሁሉም እውነት ነው። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ። አማቴ ሁለተኛውን ብርጭቆ አልጠጡትም። ባለቤቴ ስትስቅ እሳቸው ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩና ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ሮጠህ ጠይቅ። እጠብቅሃለሁ» ነው ያሉኝ። ስመለስ እዚያው ነበር፤ በረዶው ሟሙቶ፣ እስከ አፉ ሙሉ። ሰፈር ውስጥ ሳወራ ጨለጡት የምለው ሰው ስለሚስቅልኝ ነው። እውነቱን ሳወራው ግን ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ያን ብርጭቆ ካየሁ ወዲህም እሳቸውን መዋሸት አቅቶኛል።