የለተማርያም ቋጠሮ

ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው ዓመት አንበጣው ሰማዩን ስለሸፈነው መቀሌ ሳምንት ሙሉ ፀሐይ አላየችም። እኔ ብቻዬን አምስት ጆንያ ረግጬ ገድያለሁ። ያም ሆኖ የተረፈ እህል የለም፤ በሬ የተረፈለት ሰው እንደ ንጉሥ ይታይ ነበር።

ጎረቤቴ ለተማርያም አንድ በሬ ነበራት፤ ስትዳር አባቷ በግዝሚ፣ የራሷ ድርሻ አድርጎ የሰጣት። ባሏ ሥዩም ክንዱ የዋርካ ግንድ ነው። ሲመታት ዱላው ኲሓ ድረስ ይሰማል፤ የእሷ ድምፅ ግን ከአጥሯ አልፎ አያውቅም። ሁለት ጥርሷን ያረገፈባት ዕለት እንኳ "ወድቄ ነው" ብላ ውሃዋን ቀዳች።

አንድ ሰኞ ሥዩም በሬውን ለሥጋ ሻጭ ሊሰጥ ወደ ገበያ ነዳው። ዝናብ ሲመጣ በምን ሊታረስ? ልጆቿስ ምን ሊበሉ? ተከተለችው። ጨው ተራ ላይ ደርሳ የጋቢውን ጫፍ ያዘች።

"በሕግ አምላክ፣ ቁም። በሬው የእኔ ነው።" እዚያው ገበያ ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞረች። "አያ ከፋለ፣ አንበሳ በጥፊ ገደልኩ ስትል አልነበር? በል እሰረን።"

የተጠራ ሰው እምቢ አይልም። ነጠላዋን ከጋቢው ቋጠርኩት፤ እኔ የቋጠርኩትን ዝሆን አይፈታውም። እንዲህ የተቆራኙ ዳኛ ፊት አብረው ይሄዳሉ፤ በመንገድ ቋጠሮውን የበጠሰ ተረታ ማለት ነው።

ሥዩም መንገዱን ሙሉ ደበደባት። በክርኑ አፍንጫዋን ሰበረው፤ በዱላው ጀርባዋን ተለተለው። ደሟ የተደረደረውን አሞሌ ሁሉ አቀላው። እኔ እንዳልገላግል በሬውን ይዣለሁ፤ ያን አውሬ ከእኔ በቀር የሚይዘው አልነበረም።

"ፍቺው፣ እገድልሻለሁ" አላት።

"ግደለኝ። ሬሳዬን እየጎተትክ ዳኛው ፊት ትቆማለህ።"

ጨው ሻጩ ሐቢብ ከተራው ላይ ሳይነሳ፣ "አያ ሥዩም፣ ሚስትህ ጠምዳ ልታርስብህ ነው እንዴ?" አለ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

ሥዩም ጩቤውን መዘዘ። ለተማርያም ቋጠሮውን በመዳፏ ጨበጠች። ጩቤው ጨርቁን በጥሶ መዳፏን እስከ አጥንቷ ሰነጠቀው። ሳቁ ቆመ።

ዳኛው ገበያው ዳር ከሚያስችሉበት ዛፍ ሥር ሆነው አይተዋል። "በጠስከው፣ ወደይ፣ ልጄ" አሉት።

ሥዩም እጁ ውስጥ ያለውን ጩቤ አሁን ገና ያየው ይመስል ነበር። ለተማርያም የተቆረጠውን የጋቢ ጫፍ መዳፏ ላይ ጠመጠመች።

"ገመዱን ስጠኝ፣ አያ ከፋለ።"

ሰጠኋት። በሬዋን እየነዳች ወጣች።