ጥቁር እጀታ

ባየሽ ከሥራ ተመልሳ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ የላይኛው ካቢኔት ከግድግዳው ተገንጥሎ ወለሉ ላይ ተጋድሞ አገኘችው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሽንኩርት ስትከትፍ ከአናቷ በላይ የኖረ፣ ቀለሙ ከጥቀርሻ የማይለይ ካቢኔት ነው። ኮንትራክተሩ ፍቅረ ሥላሴ መሰርሰሪያ ድሪሉን እንደያዘ ቀና አለ።

“እትዬ ባየሽ፣ እንኳን መጡ። ሶ፣ ይሄኛው ዛሬ ነበር የሚወርደው። ጋሽ ሀብቴ ነግረዎት የለ?”

አልነገራትም። ባሏ ሀብተ ጊዮርጊስ በሩ አጠገብ ቆሟል። ወደ ጆሮዋ አካባቢ እያየ፣ ረስቼው ነው አለ።

ጥርጣሬዋ የጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ አምፑል ሲቃጠል እንኳ “አንዱ ይበቃናል” የሚል ሰው ነው። ይህ ሰው አንድ ምሽት እራት እየበሉ ድንገት ተነሥቶ፣ ወጥ ቤቱ ጨለማ ነው፣ ነጭ እናድርገው፣ ጣሪያውም ላይ ስምንት መብራት ይግባበት አለ። ልጃቸው ሃሴት ነገሩን ስትሰማ ደስ አላትና ከምትኖርበት ከተማ ከታኮማ ሥዕል በሥዕል አደረገቻቸው። ነጭ ካቢኔት፣ በር የሌለው መደርደሪያ፣ ሕፃን የሚታጠብበት የሚያህል ነጭ የዕቃ ማጠቢያ። ስታይሉ ፋርምሃውስ ነው የሚባለው፤ የገበሬ ቤት እንደማለት። ባየሽ ራሷ የገበሬ ልጅ ናት፤ መርሐቤቴ ባደገችበት ቤት ነጭ ነገር ቢኖር ወተቱ ብቻ ነበር። ይህን ለልጇ ብትነግራት፣ “ማሚ፣ ኢትስ ጀስት ኤ ስታይል፤ ስታይል ብቻ ነው” ብላ ሳቀችባት።

ያስፈራት ግን ነጩ አይደለም። ከሚያውቋቸው ሐበሾች መካከል ኪችኑን አሳምሮ የኖረበት ሰው የለም። ሰው በአሮጌው ኪችን ልጅ ያሳድጋል፣ ያስመርቃል፣ ይድራል፤ ነጭ የሚያደርገው ሊሸጠው ሲል ነው። ቢከን ሂል ሰፈር ትኖር የነበረችው ጓደኛዋ ፀዲ በሚያዝያ ካቢኔት ቀየረች፣ “ለራሴ ነው” ብላም ማለች። በሰኔ ግቢዋ ውስጥ የሽያጭ ሰሌዳ ተተከለ። አሁን ዳላስ ናት።

ባየሽ ዳላስም ሆነ ሌላ ቦታ መሄድ አትፈልግም። እዚሁ ቡሪየን ውስጥ ጎመን የተከለችበት ጓሮ አላት፤ ከምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ በእግሯ አሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት አንድ ከባድ መኪና ጎኗን ታክኮ ካለፈ ወዲህ መኪና የሚበርበት ሀይዌይ ላይ ወጥታ አታውቅም። መሪ የምትጨብጠው እስከ ገበያ ድረስ ነው፤ እሱም የመንገዱን ዳር ይዛ፣ ከኋላዋ ያለው ሰው እስኪያጉረመርም። ይህ ቤት ከተሸጠ እንደ ዕቃ በሰው መኪና ስትጫንና ስትራገፍ ልትኖር ነው።

ማስረጃም አላጣችም። ሀብተ ጊዮርጊስ የሚመጣውን ደብዳቤ ቀድሟት ይወስድና ቫኑ ውስጥ ይከተዋል። በዚያው ቫን የሆቴል እንግዶችን ወደ አየር ማረፊያ ሲያመላልስ የኖረ ሰው፣ “ወገቤን አመመኝ” ብሎ የማታውን ሽፍት ትቷል። ከፍቅረ ሥላሴ ጋር ጋራዥ ውስጥ ይንሾካሾካሉ፤ እሷ ስትገባ ሁለቱም ስለ ምስማር ማውራት ይጀምራሉ። ግንባሩ ላይ ቁስል አለ፤ የቫኑ በር ነው ይላል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ሲያናግራት ፊቷን አለማየቱ ነው። ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረችው ሰው አሁን ከጆሮዋና ከትከሻዋ ጋር ነው የሚያወራው። የሚዋሽ ሰው እንዲህ ነው ብላ ደምድማለች።

ዛሬ ወለሉ ላይ የተጋደመውን ካቢኔት ስታይ ትዕግሥቷ አለቀ።

“ስንት ሰጡህ?” አለችው።

“ለምኑ?”

“ለቤቱ።”

“ማን ቤት ሊሸጥ ነው አለሽ?”

“ፀዲም እንደዚሁ ነበር የምትለው።”

“እኔ ፀዲ አይደለሁም፣ ባዩ። የምንኖርበት እኮ ነው።”

“እስቲ ዓይን ዓይኔን እያየህ በለኝ።”

ሀብተ ጊዮርጊስ ራሱን ወዲያና ወዲህ አደረገ፤ ዓይኑ ጉንጯ ጋ ደርሶ ቆመ። “እያየሁሽ ነው” አለ። እሷ በአፍንጫዋ ሳቀች። እሱም ብሎን ከቫኑ ላምጣ ብሎ በጋራዡ በኩል ወጣ።

ፍቅረ ሥላሴ በባልና ሚስት መካከል መቆም ያስጨነቀው መሰለ። ቀድሞ የተገጠሙትን የታችኞቹን ነጭ ካቢኔቶች እያሳየ፣ እጀታውን ዛሬ እንግጠመው ወይ ብሎ ጠየቃት። በእጀታውም ሳምንት ሙሉ ተጨቃጭቀዋል። ሀብተ ጊዮርጊስ ጥቁርና ትልቅ ይሁን ሲል፣ እሷ አበባ የተሳለባቸውን ትንንሽ ነጭ የሸክላ እጀታዎች በሃሴት እጅ ከታኮማ አስመጥታለች። እውነቱን ለመናገር አበቦቹን እሷም አትወዳቸውም። የመጣ ገዢ አይቶ እንዲሸሽ ብላ ነው።

“ቆይ፣ ይሄ ምንድን ነው?” አለች። በአዲሱ ነጭ የመክተፊያ ካውንተር ጠርዝ ላይ ዙሪያውን ጥቁር መስመር ተለጥፏል።

“ጋሽ ሀብቴ ናቸው ያዘዙኝ።”

“ለምን?”

“ያው፣ ዲዛይን ነው” አለና ድሪሉን መጠራረግ ጀመረ። ድሪሉ ንጹሕ ነበር።

አንዱ ደብዳቤ እጇ ቢገባ ብላ ባሏን ተከትላ ወደ ጋራዡ ወጣች። ወደ ጋራዡ የሚያወርዱት ሁለት ደረጃዎች ላይ ስትደርስ ግን እግሯ ቆመ። በእያንዳንዱ ደረጃ ጠርዝ ላይ ቢጫ ፕላስተር ተለጥፏል።

ይህን ፕላስተር ታውቀዋለች። ባለፈው ሰኞ በገዛ እጇ መሥሪያ ቤቷ መታጠቢያ በር ላይ ለጥፋዋለች፤ ለሚስዝ ማርጋሬት። የአሮጊቷ ዕይታ መኻሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩ ብቻ ነው የቀረው። ሰው ሲያናግሩ ፊቱን ለማየት ጆሮውን ያያሉ። ነርሷ ይህንን ስታስረዳት ባየሽ ራሷ አዝናላቸው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ውኃቸውን ጎልቶ እንዲታያቸው በጥቁር ኩባያ ነው የምታቀርብላቸው።

በተከፈተው የጋራዥ በር በኩል ባሏ ታየ። ቫኑ አጠገብ ቆሞ የቁልፉን ቀዳዳ በጣቱ እየዳበሰ ነው።

ወደ ወጥ ቤቱ ተመለሰች። ፍቅረ ሥላሴ ፊቷን አይቶ ድሪሉን አስቀመጠ።

“ዓይኑ ከመቼ ጀምሮ ነው?” አለችው።

“እትዬ ባየሽ፣ እኔን በመድኃኔ ዓለም አስምለውኛል።”

“ክሊኒክ የወሰድከው አንተ ነህ?”

“ላስተረጉምላቸው ነው የሄድኩት። ሃሴትን ብወስዳት ለእናቷ ትነግራለች አሉኝ። ካቢኔቱ ላይ በር እንዳታደርግ፣ ይፈነክተኛል ያሉኝም እሳቸው ናቸው።”

“ሐኪሙ ምን አለ?”

ፍቅረ ሥላሴ ወለሉን አየ። “እንዳይነዱ።”

“እየነዳ ነው እኮ። ዛሬ ጠዋት ሰው ጭኖ ሄዷል።”

“ስንት ቀን ልነግርዎት ፈልጌ ተውኩት። ሥራውን ቀስ ብዬ ነው የማቆመው፣ እሷን አታስደንግጣት ይሉኛል።”

መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነው፤ ቤቱ አይሸጥም። ወዲያው በእፎይታዋ አፈረች። ቀጥሎ ንዴት መጣ፤ ሠላሳ ዓመት በትዳር አብሯት የኖረው ሰው ለቤት ሠሪው የነገረውን ለእሷ ደብቋል። ከንዴቱ ሥር ደግሞ ፍርሃት ነበረ፤ ያ ሰው በየቀኑ የሰው ልጅ ጭኖ ሀይዌይ ላይ እየወጣ ነው። እሷም ቢሆን የባዕድ አሮጊት ዓይን ስታጠና ውላ፣ የገዛ ባሏን ዓይን ሌባ አድርጋዋለች።

ሀብተ ጊዮርጊስ ብሎኑን ይዞ ገባ። ቁልፉን በሩ አጠገብ ያለው መስቀያ ላይ ለማንጠልጠል ሁለቴ ሳተና በሦስተኛው ተሳካለት። ስንት ቀን እንዲህ ሲያደርግ አይታዋለች።

“ፍቅረ ሥላሴ” አለች፣ “አበቦቹን ወደ ካርቶናቸው መልሳቸው። ጥቁሩ ይሁን። ትልቁ።”

ሀብተ ጊዮርጊስ ባለበት ቆመ። “ምን ተገኘ?”

“ነጭ ላይ ነጭ ምኑ ይታያል?”

ባለፈው ሳምንት ራሱ ያላት ቃል ነበር። ፍቅረ ሥላሴ አበቦቹን አንድ በአንድ በወረቀት መጠቅለል ጀመረ፤ ለመጠቅለል ያን ያህል ጥንቃቄ አያስፈልግም ነበር።

“በቃ፣ ሱቁ ሳይዘጋ ታኮማ ሄጄ ልቀይራቸው” አለ ሀብተ ጊዮርጊስ በመጨረሻ። እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ። እጁ መስቀያውን በአንድ ጋት ስቶ ግድግዳው ላይ አረፈ።

ባየሽ ከእጁ በላይ ተንጠራርታ ቁልፉን አወረደችው።

“እኔ ነኝ የምነዳው።”

“ታኮማ እኮ በሀይዌይ ነው፣ ባዩ።”

“አውቃለሁ። አንተ ጎኔ ትቀመጣለህ። መንገዱን በቃልህ ታውቀው የለ፣ የትኛው መውጫ ላይ እንደምወርድ ትነግረኛለህ።”

ባዶ እጁን ከግድግዳው ላይ አወረደ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ “የሰኞው ሥራስ?” አለ። ድምፁ የራሱ አይመስልም።

“የሰኞውን ደውለህ አልመጣም ትላለህ።”

ጫማዋን ገና አላወለቀችም ነበር። ቦርሳዋን ከፍታ የቤቷን ቁልፍ አወጣች፤ የቁልፍ መያዣዋን ቀለበት በጥፍሯ ፈልቅቃ የቫኑን ቁልፍ ከቤቷ ቁልፍ አጠገብ አስገባችው። ከዚያም ቢጫው ፕላስተር ያለበት ደረጃ ላይ ወርዳ፣ ክንዷን እንዲይዝ ቆማ ጠበቀችው።