የተሰማ ፈተና

...ዝም በይ ቦሰና፣ ምላስሽን ያዢ፣ ትላለች ለራሷ፣ ልቧ ግን እንደ ልጅ ይዘላል፣ ከፊቷ ነብያት ነጠላዋን አጣፍታ ትገሰግሳለች፣ ልደታ የተሳፈሩበት ባቡር ተግባረ ዕድ ሲቆም ልትወርድ ብድግ ብላ ነበር፣ ቀና ብላ ሰሌዳውን አነበበችና ተመልሳ ቁጭ አለች፣ ሜክሲኮ ስትደርስ ወረደች፣ ራሷ! ማንንም ሳትጠይቅ! የባሏ የተሰማ ፈተና ይኸው ነው፣ ተማሪው ቦታ ይመርጣል፣ ይመራል፣ አስተማሪው አፉን ዘግቶ ይከተላል፣ ተማሪው ቢሳሳትም። ታክሲ ክልክል። ረዳቱ እየጮኸ የሚነግርሽ ምኑ ንባብ ነው፣ ይል ነበር ተሰማ፣ ነበር፣ አሁን የጎልማሶቹን የንባብ ክፍል እሷ ይዛዋለች፣ እሱን ከቀበረች ወዲህ የመጀመሪያዋ ተፈታኝ ነብያት ናት።

ከኤርትራ ስትሰደድ አንድ ፊደል አትለይም ነበር። የምታነብላት ልጇ ወለተሃና ናት፣ ገና አሥር ዓመቷ፣ ከትምህርት ቤት እየቀረች፣ የቤት ኪራይ ውሉን፣ የስደተኛ ወረቀቱን፣ ባለፈው ደግሞ የሐኪሙን ውጤት፣ ማማ፣ ማሕፀን ምንድነው? አለቻት። ይህን ለቦሰና ስታወራ ነብያት መሬት መሬት ታይ ነበር፣ እትዬ፣ የኔን ሕመም ልጄ ማንበብ የለባትም፣ የዛሬውን ቀጠሮ ብቻዬን ልሂድ።

ሕንፃው። ወይ አምላኬ፣ ሰሌዳው ከላይ እስከ ታች ስም ብቻ፣ ባንክ፣ ኮሌጅ፣ የጉዞ ወኪል፣ የቦሰና ጣት ሊጠቁም ይነሳል፣ በሌላ እጇ ትይዘዋለች፣ የነብያት ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ክ፣ ክሊ፣ ክሊኒክ፣ ደረጃውን ትወጣለች፣ ወደ ቀኝ ታጠፈች፣ ኧረ በግራ ነው! ዝም! ተሰማ አንዴ ደጉ የሚባል ተማሪ ተከትሎ በተሳሳተ ባቡር ጦር ኃይሎች ድረስ ሄዷል፣ ማታ እግሩን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ተመልሶ አገኘው እኮ ቦሲ! እያለ ሲስቅ፣ ያ ሳቅ፣ ከቤቷ የጠፋው ሳቅ።

ነብያት በር ላይ ቆማለች። የ፣ ጥርስ። ደግማ ታነባለች። ከዚያ ከት ብላ ትስቃለች፣ ጥርሴማ ደህና ነው! ዞራ ትመለሳለች፣ አንዱን በር ታልፋለች፣ ሌላውን፣ ትቆማለች፣ የሴቶችና የማሕፀን ሕክምና፣ ሳትንተባተብ፣ ጮክ ብላ፣ ወረፋ የያዙት ሴቶች ሁሉ ቀና ይላሉ፣ እትዬ፣ ይሄ ነው አይደል? ይናገሩ እንጂ!

ቦሰና ወደ በሩ ትጠጋለች። የቀረው አንድ ነገር ነው፣ ተሰማ ፈተናውን ላለፈ ተማሪ ሁሉ በሩ ላይ ይለው የነበረ የስንብት ቃል፣ ኮስተር ብሎ፣ ሳቁን አፍኖ፣ እሷ ግን መኮሳተሩ አልሆነላትም፣ እንባና ሳቅ አንድ ላይ መጡባት፣

በይ፣ ከእንግዲህ አላውቅሽም፣ ግቢ!

ነብያት ገባች፣ በሩ ተዘጋ፣ ቦሰና ብቻዋን ደረጃውን ትወርዳለች፣ አለፈች ተሰማ፣ ወለተሃና ዛሬ ትምህርት ቤቷ ናት፣ እናቷ ደግሞ፣ ብታያት፣ ጥርሴማ ደህና ነው አለች እኮ፣ እዚያው ደረጃው መሃል ቆማ ትስቃለች፣ እንደ እሱ፣ ልክ እንደ እሱ