የግቢው ቀይ ሶፋ

«እውነቱን ንገሪኝ እቱ፤ ከተማው ይኖርበታል?»

ጥያቄው የደረሳት መወጣጫው ላይ ቆማ የአራተኛውን ፎቅ ሳሎን ጣሪያ ስትቀባ ነው። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሐል ወትፋ፣ ሮለሩን ወደ ላይ እንደዘረጋች ቀረች። ነጭ ጠብታ እጅጌዋ ላይ አረፈ። ከተማ የገባችው ልጅ ሳለች ነው፤ አሁን ግንባሯ ላይ መስመር ማውጣት ጀምራለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ «እንዴት ነሽ?» ያላት ብዙ ነው፤ «ሥራ እንዴት ነው?» ያላትም አለ። ይኖርበታል ወይስ አይኖርበትም ብሎ የጠየቃት ግን የለም። እሷም ራሷን ጠይቃ አታውቅም። የሚኖር ሰው ይኖራል እንጂ መቼ ይጠይቃል።

«ወንድም ጋሼ፣ ምነው በደህናህ?» አለች።

«ደህና ነኝ። ገበያ ወጥቼ ነው፤ ኔትወርክ ያለው እዚህ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስሚኝማ፣ የላይኛው ጎረቤታችን መሬቱን በኮንትራት ካልሰጠኸኝ ብሎ ይዞኛል። ዛሬ ማታ ቁርጡን እነግርሃለሁ ብዬዋለሁ። ከሰጠሁት እንግዲህ ጠቅልለን መምጣታችን ነው።»

«ጠቅልላችሁ?»

«ታዲያ ግማሻችንን ትተን ነው? ሚስቴማ ልቧ ከሄደ ቆየ። ያንን ቀይ ሶፋ ካየች ወዲህ እንቅልፍ የላትም።»

ሮለሩን ባልዲው አፍ ላይ አጋደመችው።

«የቱን ሶፋ?»

«የላክሽልንን ፎቶ ረሳሽው? ሶፋው ላይ እግርሽን አጣጥፈሽ የተቀመጥሽበትን። አንቺ ብቻ ብትሆኚ ደግ፤ ዕድሏ ነው እል ነበር። የወፍጮ ቤቱ ልጅም እንደዚያው ባለ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ላከ። ያክስታችን ልጅም ላከች፤ እሷም ቀይ ሶፋ። ሚስቴ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ከተማ የገባ ሁሉ ቀይ ሶፋ ሲደርሰው፣ እኛ ብቻ በርጩማ ላይ እናርጅ?› አለችኝ። አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ደወልኩ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«ወንድም ጋሼ፣ ትንሽ ቆይቼ ልደውልልህ?»

«እሺ። ጥላው ሲረዝም እመለሳለሁ፤ ከዚያ በፊት ይሁን። ቪዲዮም ቢሆን ጥሩ ነው፣ ቤትሽን ልየው። እንዳትሸነግዪኝ ብቻ። አንቺ ነይ ካልሽኝ እመጣለሁ፤ ቅር ካልሽኝ እቀራለሁ።»

ሶፋው አንድ ነው።

የግቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ግቢው ባንድ ውሃ ቧንቧ ዙሪያ የተደረደሩ የኪራይ ክፍሎች ነው፤ አንዱ የአገሩን ልጅ ሲያመጣ፣ ያም ሌላውን ሲስብ፣ ግማሹ ካንድ አካባቢ የመጣ ሆኗል። እዚያ «ማልበስ» የሚባል ደንብ አለ። ካንዱ ቤት የገጠር ዘመድ ሊመጣ ወይም ፎቶ ሊላክ ሲል ክፍሉ ይለብሳል። ሶፋው ከአንድ ሾፌር ቤት ይወጣል፤ ቴሌቪዥኑ ግቢው «ከንቲባ» ብሎ ከሚጠራቸው እናት ቤት ይመጣል፤ ምንጣፉም ከሌላ። እሷ ደግሞ ቀለም ቀቢ ናትና ካለቀ ሥራ የተረፈ ቀለም እያመጣች የሁሉንም ክፍል አንድ አንድ ግድግዳ ቀብታላቸዋለች። ፎቶ ከሆነ ተነስቶ፣ ዘመድ ከሆነ ተሸኝቶ፣ ዕቃው ወደየቤቱ ይመለሳል። ማንም ውሸት ነው ብሎት አያውቅም። ልብስ ተዋውሶ ሠርግ እንደመሄድ ነው። የላኩት ፎቶ ሁሉ እዚያ ማዶ ባንድ ገበያ ላይ ተገናኝቶ እንደሚተያይ ግን ያሰበ አልነበረም።

«ምን ሆነሽ ነው እንደ ሐውልት የቆምሽው?» አላት ከታች ግድግዳ የሚያለሰልሰው ባልደረባዋ። ከጧት እስከ ማታ ስለሚለፈልፍ ሠራተኛው «ዝምተኛው» ብሎ ሰይሞታል።

ነገረችው። ዝምተኛው የብርጭቆ ወረቀቱን ጥሎ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ቁጢጥ አለና አሰበበት።

«እኔ እዚህ ስመጣ የመጀመሪያውን ዓመት ሽንት ቤት ሰልፍ ላይ ቆሜ አልቅሻለሁ፤ ሙች እውነቴን ነው። አገሬ ላይ መቼ ተሰልፌ አውቃለሁ? አሁን ደግሞ አገር ቤት ስሄድ ሳልሰነብት ጸጥታው ያመኛል። ማታ ማታ መኪና ካልጮኸ ዓለም ያለቀ ይመስለኛል።»

«ታዲያ ይምጣ ነው የምትለው?»

«እኔ የነገርኩሽ የራሴን ነው። ብቻዬን ስመጣ ርቦኝ ያደርኩ ቀን የራበው አንድ ሰው ነው። ወንድምሽ ልጆቹን ይዞ ነው የሚመጣው።» አቧራውን ከቅንድቡ ጠረገ። «አንቺስ? አሁን ተመለሺ፣ መሬት እንሰጥሻለን ቢሉሽ ትመለሻለሽ?»

«አልመለስም።»

ቃሉ ሳታስበው ነው ያመለጣት። ዝምተኛው ቀና ብሎ አያት፤ እሷም እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሰማችው። ከዚህ በፊት ጮክ ብላ ተናግራው አታውቅም። በያመቱ በዓል ሲመጣ ለእናቷ «ትንሽ ልሥራና እመለሳለሁ» ስትል ኖራለች።

«እንዲህ ቶሎ?» አለ ዝምተኛው።

«እኔም ገርሞኛል።»

ለምሳ ግቢዋ ስትደርስ ከንቲባ ቧንቧው ሥር ልብስ ያጥባሉ፤ ሾፌሩ ከሰዓት በኋላ ተረኛ ስለሆነ በሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይወለውላል። ወሬውን እንደቆመች አወራቻቸው። ሾፌሩ ጫማውን በእጁ እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«እኔ ሾፌር ሆኜ ያልረገጥኩትን አገር ሶፋዬ ዞሮታል በይና።»

«አፍህን ዝጋና ተነስ» አሉት ከንቲባ እጃቸውን እያራገፉ። «ወንድሟ በቪዲዮ ሊያይ ነው እየተባለ ይቀልዳል እንዴ። በል በዚያ በኩል ያዝ። አንቺ መጋረጃሽን አስተካክዪ። ቴሌቪዥኑን እኔ አመጣለሁ፤ አይሠራም እንጂ ሲያዩት ግርማ አለው።»

«እማማ፣ ቆይ እስቲ…»

«ምን ቆይ አለ? ወንድምሽ ባዶ ቤት አይቶ አንጀቱ ይቁረጥ?»

ከንቲባ አንዴ ከተነሱ የሚያቆማቸው የለም። ሾፌሩ በአንድ በኩል፣ እሳቸው በሌላው በኩል ሆነው ሶፋውን አወጡት፤ ግቢውን አሻገሩትና ደጃፏ ላይ ሲደርሱ በሩ መሐል ተቀረቀረ። ወደፊትም ወደኋላም አልሄድ አለ። ሾፌሩ ውስጥ፣ ከንቲባ ውጪ ቀሩ።

«በጎኑ አዙረው!»

«አዙሬዋለሁኮ እማማ። ባለፈው እግሩን ፈተን ነበር ያስገባነው።»

እሷ ግቢው መሐል እጇን አጣምራ ታያቸዋለች። በሶፋው አናት ላይ አሻግራ ክፍሏ ይታያታል፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለው የሥራ ልብስ፣ እሷ ራሷ የቀባችው ሰማያዊ ግድግዳ። ይኸው ነው። ጠባብ ነው። ግን ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነው፤ ማታ ስትገባ የት ነበርሽ የሚላት የለም፤ ኪራዩ አድሮ አያውቅም። ይህን ቤት ለምን እንደምትደብቀው ድንገት ጠፋት።

«እማማ፣ እውነቱን ልጠይቅዎት። ይኖርበታል ከተማው?»

ከንቲባ የሶፋውን ክንድ ተደግፈው ቀና አሉ።

«እኔን ነው የምትጠይቂው? እኔ የመጣሁት ባሌ ሲሞት፣ ዘመድ ሁሉ በኔ ላይ አፉን ሲከፍት ነው። እዚህ ስገባ የማን ሚስት ነበርሽ ያለኝ የለም። ሌላው ሰው ብቸኝነት ይለዋል፤ እኔ ግን እፎይ ነው ያልኩት። ደግሶ የተቀበለኝ ይመስል፣ እለቀዋለሁ ብዬ አላውቅም። ግን ልጄ፣ እኔ እዚያ የተውኩት አልነበረም። የሚተውት ያለው ሰው እንደኔ አይደለም።»

«አንተስ?» አለች ወደ ውስጥ።

«ይኖርበታል» አለ ሾፌሩ ከሶፋው ጀርባ። «አያስተኛም እንጂ። በይ አሁን አውጪኝ፣ ተራዬ ደርሷል።»

«ሶፋውን መልሱት።»

ከንቲባ ወገባቸውን ያዙ። «ምን አልሽ?»

«በራሴ ቤት ነው የማናግረው።»

«የወፍጮ ቤቱን ልጅስ? ያክስትሽን ልጅስ? አንቺ ስትገላለጪ እነሱም እርቃናቸውን መቅረታቸው አይደለም? እኛ ስናለብስሽ ደግ ነበር፤ ዛሬ ከኛ የተሻልሽ ሆንሽ?»

ይሄ ወጋት። የዚህ ግቢ ሰው ታማ በተኛች ጊዜ ሾርባ ያጎረሳት፣ ከመወጣጫ ወድቃ እጇ በታሰረበት ወር ልብሷን ያጠበላት ነው። ቀስ ብላ ቀረበችና ከሶፋው ጫፍ አንዱን ያዘች።

«ሶፋው የማን እንደሆነ አልናገርም እማማ። የኔ እንዳልሆነ ብቻ ነው የምናገረው። የሌላውን ሌላው ይናገር።»

«የሰው ወርቅ አያደምቅም ማለትሽ ነው?»

«አድምቆኛልኮ። በጣም ስላደመቀኝ ነው ችግር ያመጣው።»

ሾፌሩ ውስጥ ሆኖ ሳቀ። ከንቲባ አልሳቁም፤ ግን ጎንበስ ብለው የሶፋውን እግር አነሱ። ሦስት ሆነው እየጎተቱ አወጡት። ሲጨርሱ ከንቲባ ላባቸውን በሻሻቸው ጠረጉና ክፍሏን ከደጃፉ ቃኙት።

«አልጋውን ግን አንጥፊው» አሉ። «እውነት ቢሆንም ይነጠፋል።»

አነጠፈችው። ከዚያ የክፍሉን ፎቶ አነሳች፤ ምድጃው እንዳለ፣ ሚስማሩ እንዳለ።

ሥራ ቦታ ስትመለስ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ፎርማኑ ነው። የቀን ሠራተኛ ቦታ አለ ወይ አለችው። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አንድ ሰው እፈልጋለሁ፣ ጎበዝ ይሁን ብቻ አላት። አራተኛ ፎቅ ወጥታ በረንዳው ላይ ቆመች። ከታች ዋናው መንገድ ይጮሃል። ከማዶ ያለውን ቢጫ ሕንፃ የቀባችው እሷ ናት፤ ከሱ ጎን ያለውን ትምህርት ቤትም፤ ጥጉ ላይ ያለው ክሊኒክ ውስጡ ሁሉ የእሷ እጅ ነው። ስለዚህ አንድም ፎቶ ልካ አታውቅም። ቤተሰቦቿ ምን እንደምትሠራ ሲጠየቁ «ከተማ ናት» ነው የሚሉት፤ ከተማ መሆን ሥራ ይመስል።

«ዝምተኛው፣ ና አንሳኝ።»

«በዚህ ልብስ?»

«በዚሁ ልብስ።»

መወጣጫው ላይ ወጣች። ነጩ ጣሪያ ከላይዋ ወለል ብሎ ይታያል፤ አንድ የሮለር መስመር የለበትም። ፊቷን ስታኮሳትር ዝምተኛው «ፈገግ በይ እንጂ፣ መታወቂያ ነው እንዴ?» አላት። ሳቀች፤ ያኔ አነሳት።

ደወለችለት፤ ስልኩ ጮኾ ጮኾ ተዘጋ። የገበያ ግርግር ነው። ጥላው ሳይረዝም መድረስ አለበትና ቁጭ ብላ ጻፈች። ሁለት ጊዜ ጽፋ አጠፋችው። አንዱ ማልቀስ ይመስል ነበር፤ ሌላው ጉራ። በሦስተኛው እንዲህ አለች፦

«ወንድም ጋሼ፣ ሶፋው የኔ አይደለም፤ የተዋስኩት ነው። ቤቴ ይኸ በፎቶው የምታየው ነው። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ ልጆችህን የሚያስተኛ ቦታ የለኝም። ሁለተኛው ፎቶ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ያ ጣሪያ የኔ ሥራ ነው። ይኖርበታል ብትለኝ እኔ እኖርበታለሁ፤ አልመለስም። ለእናታችን እመለሳለሁ ያልኳትን እንዳትጠብቅ እኔው እነግራታለሁ። አንተን ግን ና አልልህም፤ ቅርም አልልህም። መሬቱን ዛሬ አትስጥ። መጀመሪያ ብቻህን ና፤ ከኔ ጋር ሥራ፤ መሬት ላይ አንጥፌልህ ተኛ። ከዚያ ራስህ ፍረድ። ሥራውን ፎርማኑን ጠይቄልሃለሁ።»

አንድ ጊዜ አነበበችውና ላከችው። ፎቶዎቹ እየተንፏቀቁ ሄዱ። ትንሽ ቆይቶ ምልክቱ ሰማያዊ ሆነ፤ አንብቦታል። ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ምናልባት ለሚስቱ እያነበበላት ይሆናል፤ ምናልባት ፎቶውን በሁለት ጣቱ እየሳበ እያየው ይሆናል፤ ምናልባትም ተቆጥቶ ኪሱ ከቶት ይሆናል። ጥላው ረዘመ። ደግማ ደወለች፤ ጥሪው አልገባም።

ያን ማታ መልስ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ስልኳን ከመወጣጫው ሳታወርድ ዋለች፤ እሱም አልፎ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያም ለዚያ መልእክት የመጣ መልስ የለም።

ከገበያው ቀን በማግስቱ ፎርማኑ ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ያልሽኝ ሰውዬ ይመጣል አይመጣም? ሌላ ሰው ጠይቆኛል።»

ሮለሩን ባልዲው ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጋ ጨመቀች።

«እሱ እስኪመጣ የሱንም ድርሻ እኔ እሠራለሁ» አለችው። «ቦታውን ለማንም እንዳትሰጥብኝ።»